ጠዋት መኪናው «ቁልፉን አላውቅም» ሲላችሁ

ደባርቅ ማለዳ የሚደውልልኝ ሹፌር ቃሉ አንድ ነው፦ «ማታ ደህና ነበር፤ ጠዋት ቁልፉን አላውቅም አለኝ።» ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደከመ የሪሞት ባትሪ በሌሊቱ ቁር ጉልበቱ ጨርሶ ይወርዳል። ከጎንደር በሰላም የመጣ ሪሞት ዳባት ወይም ደባርቅ አድሮ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

እባካችሁ፣ ሽቦ ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሪሞቱን በመዳፋችሁ አሙቁት። ካልሆነ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሸራተቻ ስትገፉ የብረት ቁልፍ ይወጣል፤ በሩን በእሱ ክፈቱ። ጡሩምባው ቢጮህ አትደንግጡ። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ ሪሞቱን ከሞተር ማስነሻው ጋር አስነኩት፤ በቶዮታ የሚነካው አርማው ያለበት ፊት ነው። ድምፅ ስትሰሙ ማስነሻውን ተጫኑ። ሪሞቱ ውስጥ ያለው ቺፕ ኃይል የሚያገኘው ከመኪናው ስለሆነ ባትሪው ቢሞትም ይሠራል።

ባትሪው በብዙዎቹ 2032 የሚባለው የ3 ቮልት ክብ ነው፤ 1632 የሚወስድም አለና ከፍታችሁ ቁጥሩን እዩ። ሊማሊሞን ከመውረዳችሁ በፊት አንድ ትርፍ ያዙ።

ዳሽቦርዱ ጭራሽ ካልበራ ግን ሪሞቱን ተዉት፤ የመኪናውን ባትሪ አስለኩ።