የስኳር ፋብሪካ ሆድ ዕቃ፦ አክሲዮን ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ሒሳብ

ነጋዴ እህል ሲገዛ እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ ይዘግናል። ቡና ሲገዛ ያሸታል፣ ይቀምሳል። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይቆጥራል። ፋብሪካ ወይም የፋብሪካ አክሲዮን ሲገዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶግራፍና አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩም «በቀን ይህን ያህል ቶን የማምረት አቅም» የሚለው ነው። በዚህች አንዲት ቁጥር ተማምነው ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ይታወቃል። ከዚያ በፊትም መንግሥት አንዳንድ የስኳር ፋብሪካዎችን ለግል ባለሀብቶች ለማስተላለፍ ጥሪ አድርጓል። ስለሆነም የፋብሪካን ሆድ ዕቃ ማወቅ የመሐንዲሱ ሥራ ብቻ መሆኑ እየቀረ ነው። ደላላውም፣ አስመጪውም፣ ቤቱን ሸጦ አክሲዮን ለመግዛት የሚያስበውም ሰው ቢያንስ ፊደሉን መቁጠር ይኖርበታል። ደግነቱ፣ ፊደሉ ጥቂት ነው። በስኳር ፋብሪካ ብንጀምር ለዘይቱም፣ ለቢራውም፣ ለሲሚንቶውም መንገድ ይከፍታል።

መቶ ኩንታል አገዳ ወዴት ይሄዳል?

የማንኛውም ፋብሪካ የመጀመሪያ ሕግ ነጋዴ በየቀኑ የሚሠራበት ሕግ ነው፦ የገባው ሁሉ ወይ ወጥቷል፣ ወይ ውስጥ ቀርቷል። መጋዘን ሲቆጠር እንደሚደረገው ማለት ነው። መሐንዲሶች ይህን ሒሳብ የሚጽፉበት የሂደት ንድፍ አላቸው፤ ሣጥኖቹ ማሽኖቹን፣ ቀስቶቹ ደግሞ የሚፈሰውን ነገር ያሳያሉ። ንድፉን ለማንበብ ማሽኑን ከማወቅ ይልቅ ቀስቱን መከተል ይቀድማል።

እንግዲህ 100 ኩንታል አገዳ በመኪና ሚዛን ላይ አልፎ ገባ እንበል። በቢላዋ ተከታትፎ በተከታታይ በቆሙ የብረት ወፍጮዎች መሐል ይጨመቃል። ስኳሩ ታጥቦ እንዲወጣ 28 ኩንታል ያህል ውኃ ይረጭበታል። ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ይወጣል፤ 28 ኩንታል ያህል ባጋስ የሚባለው የአገዳ ምጣጭና 100 ኩንታል ያህል ጭማቂ። ጭማቂው ይሞቃል፣ ኖራና የድኝ ጭስ ይገባበታል፣ ከዚያም በትልቅ ጋን ውስጥ ይጠላል። ቆሻሻው ወደ ታች ይዘቅጥና ሦስት ኩንታል ያህል ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይወጣል። እሱም አይጣልም፤ ተመልሶ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

የቀረው ጭማቂ ከመቶው 15 እጁ ብቻ ስኳርና ሌላ የሟሟ ነገር ሲሆን ሌላው ውኃ ነው። ይህ ጭማቂ ከመቶው 60 እጁ ሟሟ የሆነ ወፍራም ሽሮፕ እስኪሆን ድረስ መትነን አለበት። ሒሳቡን በጣት መቁጠር ይቻላል፤ ከ100 ኩንታል ጭማቂ 75 ኩንታል ውኃ ተኖ 25 ኩንታል ሽሮፕ ይቀራል። ሽሮፑ እንደገና ተቀቅሎ ይረጋና በፍጥነት በሚሽከረከር ወንፊት ይለያል። በመጨረሻም አሥር ኩንታል ገደማ ስኳርና አራት ኩንታል ያህል ሞላሰስ ይገኛል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ጥሩ አገዳ በራሱ ውስጥ 13 ኩንታል ያህል ስኳር ነበረው። የጎደለው የት ሄደ? ከፊሉ በባጋስ ውስጥ ተቃጠለ፣ ከፊሉ ከጭቃው ጋር ወጣ፣ ትልቁ ድርሻ ደግሞ ሞላሰስ ውስጥ ቀረ። ሞላሰስን አልኮልና ኤታኖል ለማድረግ የሚደከመውም ስለዚህ ነው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀምር ምንጩ ይኸው ሞላሰስ ነበር። ፋብሪካው የጎደለውን ስኳር በየፈርጁ መዝግቦ ማሳየት ካልቻለ፣ የመጋዘን ቆጠራ እንዳላደረገ ነጋዴ ይቆጠራል።

እንፋሎት የፋብሪካው ደም

የስኳር ፋብሪካ ጥበብ ያለው ከወፍጮው ይልቅ በእንፋሎቱ ነው። 75 ኩንታል ውኃ በአንድ ድስት ይትነን ቢባል፣ ለማትነኛው ብቻ ወደ 75 ኩንታል የሚጠጋ እንፋሎት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ያለን ማገዶ 28 ኩንታል ባጋስ ነው። አንድ ኩንታል ባጋስ በቦይለር ውስጥ ሲነድ ሁለት ኩንታል ያህል እንፋሎት ይሰጣል፤ በጠቅላላው 56 ኩንታል ቢሆን ነው። በዚህ ዓይነት ፋብሪካው ወይ ጥቁር ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ወይ ይዘጋል።

ይህን ቋጠሮ የፈታው ኖርበርት ሪልዩ የሚባል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ የተወለደ የጥቁር ዘር ሰው ሲሆን በፓሪስ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1843 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ከእርሱ በፊት ባሮች የሚፈላ ጭማቂ ከጋን ወደ ጋን በጭልፋ ይገለብጡ ነበር። የእርሱ ዘዴ ከመጀመሪያው ድስት የተነሣው እንፋሎት ሁለተኛውን ድስት እንዲያፈላ፣ የሁለተኛውም ሦስተኛውን እንዲያፈላ ማድረግ ነው።

የቀዘቀዘ እንፋሎት ሌላ ድስት እንዴት ያፈላል? መልሱን ቆላና ደጋ የኖረች የቤት እመቤት ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ግን 100 ዲግሪ ይፈልጋል። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው ሳይግል ይፈላልና። ፋብሪካውም በየድስቱ ውስጥ ያለውን ግፊት ደረጃ በደረጃ በመቀነስ «ደጋ» ይፈጥራል። መጨረሻ ላይ ስኳሩ የሚረጋበት ቫኪዩም ፓን የሚፈላው በ70 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ቢግል ስኳሩ ይጠቁራል፣ ይበላሻልም።

አምስት ድስቶች ከተቀጣጠሉ 75 ኩንታል ውኃ ለማትነን 15 ኩንታል ያህል እንፋሎት ይበቃል። ለማሞቂያውና ለፓኑ የሚሄደው ተጨምሮ የፋብሪካው ፍላጎት ከ45 እስከ 50 ኩንታል እንፋሎት ይሆናል። ከባጋሱ የሚገኘው 56 ነበርና ትርፍ አለ ማለት ነው። ይህም ብቻ አይደለም። ያው እንፋሎት ወደ ድስቶቹ ከመሄዱ በፊት ተርባይን አሽከርክሮ መብራት ያመነጫል። አንድ እንፋሎት ሁለት ደመወዝ ይበላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለሆነም «ፋብሪካችሁ በክረሸና ወቅት ጥቁር ነዳጅ ወይም የማገዶ እንጨት ይገዛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ብዙ ያጋልጣል። መልሱ «አዎን፣ አዘውትረን» ከሆነ አንዱ ነገር ታሟል። ባጋሱ ረጥቧል፣ ወይም በሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ እንደምናየው ያለ ቅርፊት በድስቶቹ ቧንቧ ውስጥ ተጋግሯል፣ ወይም ወፍጮው ቶሎ ቶሎ እየቆመ እሳቱ ማገዶ አጥቷል።

አቅም የሚለካው በጠባቡ በር ነው

በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው አቅም ብዙውን ጊዜ የወፍጮው አቅም ነው። ወፍጮው በቀን 5,000 ቶን ይጨምቅ፤ ማትነኛው ግን 4,000 ቶን ብቻ የሚያስተናግድ ቢሆን ፋብሪካው የ4,000 ቶን ፋብሪካ ነው። በሰፊ በር የገባ ሕዝብ በጠባብ በር ሲወጣ እንደሚጨናነቀው ሁሉ፣ ጭማቂም ተከማችቶ አይቆይም፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ወፍጮው ይቆማል።

መቆም ደግሞ ዋጋ አለው። በቀን 5,000 ቶን የሚጨምቅ ፋብሪካ በሰዓት 208 ቶን ያህል ይበላል። ከመቶው አሥር እጁ ስኳር ነው ካልን፣ እያንዳንዱ የቆመበት ሰዓት ከ200 ኩንታል በላይ ስኳር ሳይመረት ቀረ ማለት ነው። የሠራተኛው ደመወዝና የባንኩ ወለድ ግን አይቆሙም።

ብዙ ሰው የሚፈራው የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ነው። ኮምፒዩተሩ፣ መብራቱና ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ሐሳቡ በየቤታችን ሮቶ ውስጥ ካለው ተንሳፋፊ የተለየ አይደለም። ውኃው ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ ቧንቧው ይከፈታል፤ ሲሞላ ይዘጋል። መለካት፣ ከሚፈለገው ጋር ማወዳደር፣ ቫልቭ መክፈት ወይም መዝጋት። ፋብሪካው ይህንኑ ለሙቀት፣ ለግፊትና ለጭማቂ መጠን በብዙ ቦታ ይደጋግመዋል። ተንሳፋፊው ሲበላሽ ግቢው በውኃ እንደሚጥለቀለቅ ሁሉ፣ መለኪያው የተበላሸበት ፋብሪካ ኮምፒዩተሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ዕውር ነው።

አገዳና ፋብሪካ ካልተገናኙ

የፋብሪካው የመጀመሪያ ማሽን እርሻው ነው። የተቆረጠ አገዳ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ካልተጨመቀ ስኳሩ መበላሸት ይጀምራል። ከሩቅ አምጥቶ ማከማቸትም አይቻልም። በቀን 5,000 ቶን የሚበላ ፋብሪካ በዓመት 200 ቀን ቢሠራ አንድ ሚሊዮን ቶን ይፈልጋል። በሄክታር 100 ቶን ቢገኝ በየዓመቱ የሚቆረጥ 10,000 ሄክታር፣ ለዚያም የሚበቃ መስኖ መኖር አለበት። በክረምት ማሳው ስለሚጨቀይ ወፍጮው ለጥገና ይቆማል። በገበያ የስኳር አቅርቦት የሚሳሳበትን ወር የሚያሰላ ነጋዴ ይህንንም ማስታወስ ይገባዋል።

የወንጂ ታሪክ በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር አገዳውና የአዋሽ መስኖ ከፋብሪካው ጋር አብረው ተዘጋጅተው ነበር። የወንጂና የሸዋ አሮጌ ወፍጮዎችም በ2000ዎቹ አጋማሽ በአዲስ ፋብሪካ እስኪተኩ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገልግለዋል።

በአንጻሩ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አሥር አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎችን ለመሥራት አስቦ ነበር። ግንባታው ግን በብዙ ቦታ ዘገየ። በጣና በለስ አገዳው ፋብሪካውን ሲጠብቅ በማሳ ላይ እንዳለ ዕድሜው አለፈ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ብረቱ ተገዝቷል፣ አገዳውም ተተክሏል፤ ሦስቱ ግን በአንድ ቀን አልተገናኙም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይህ ነው።

ምን ይጠየቅ?

ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ባለሀብቱ የሚከተሉትን ቢጠይቅ አይከስርም። አንደኛ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት በእርግጥ የተጨመቀው አገዳ ስንት ነው? የተጻፈው አቅም አይደለም። ሁለተኛ፣ ከመቶ ኩንታል አገዳ ስንት ኩንታል ስኳር ወጣ? የቀረውስ በየት በየት ጠፋ? ሦስተኛ፣ ፋብሪካው ስንት ሰዓት ቆመ? በአገዳ እጦት፣ በማሽን ብልሽት ወይስ በእንፋሎት እጥረት? አራተኛ፣ ለነዳጅ የወጣው የውጭ ምንዛሪ ስንት ነው? አምስተኛ፣ ከማሽኖቹ ሁሉ ጠባቡ በር የትኛው ነው? እሱን ለማስፋትስ ስንት ብር ይጠይቃል?

በደንብ የሚመራ ፋብሪካ እነዚህን መልሶች በየዕለቱ መዝገብ ላይ ይጽፋቸዋል፤ የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። መዝገቡን ለማሳየት የሚያመነታ ሻጭ ከገጠመ ግን ዋጋውን ከመከራከር በፊት መሐንዲስ ይዞ መሄድና አንድ ሙሉ ቀን ከመኪና ሚዛኑ እስከ ስኳር መጋዘኑ ድረስ ቀስቱን ተከትሎ መዋል ይሻላል። የመሐንዲሱ የቀን ክፍያ ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ።