«ፈዛዛ» ከማለታችን በፊት ደሟን እናስመርምር

ያነበባችሁት አልገባ እያለ፣ ልትናገሩት ያሰባችሁት እየጠፋ ተቸግራችኋል? እኛ መርጡለ ማርያም እንዲህ የሆነችን ሴት «ፈዛዛ» ብለን እናልፋታለን። ግን ደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

በወር አበባ፣ በእርግዝናና በወሊድ የሰውነት ብረት ይቀንሳል። ያኔ ደም በቂ ኦክስጅን አያደርስም፤ ሐሳብም ይበታተናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ15–49 ዓመት ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው።

አዮዲን ሲያንስ ደግሞ እንቅርት ይወጣል፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ከቀነሰ መርሳትና ድካም ይከተላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ማረጥም ያፈዛሉ።

ምን እናድርግ?
▪️ ጤና ጣቢያ ሄደን ደማችንን እንመርመር
▪️ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አይሁን፤ ብረቱን ያስቀሩብናል
▪️ አዮዲን ያለውን ጨው ከድነን እናስቀምጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል እንጨምር

ለእህታችሁ ሼር አድርጉላት።