የማኅተም ቀለም በፎቶግራፍ ላይ ለምን አይደርቅም?

የቤተሰብ ፎቶግራፎችን በአልበም የሚያደራጅ ሰው ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ ቀኑን በጎማ ማኅተም ለማሳረፍ ቢያስብ፣ በቅድሚያ የሚያገኘው በየቢሮው ያለውን ወይን ጠጅ የማኅተም ቀለም ነው። ይህ ቀለም ለደብዳቤ እንጂ ለፎቶግራፍ አይስማማም። ሳይደርቅ ይቀርና ከላዩ የተደረበውን ምስል ፊት ያበላሻል። እንዴት?

በእርግጥ የማኅተም ቀለም በደብዳቤ ላይም ቢሆን በተለመደው አነጋገር «አይደርቅም»። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ከውሃና ከግሊሰሪን ወይም ከመሰሎቹ ነው። ለቆዳ ማለስለሻ የምንገዛው ይህ ግሊሰሪን በክፍል ሙቀት አይተንም ለማለት ይቻላል፤ ጭራሹን ከአየር እርጥበት ይስባል። የማኅተም ፓድ ክዳኑ ተከፍቶ ቢያድርም በማግስቱ የሚሠራው ስለዚህ ነው። በወረቀት ላይ ግን የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ በወረቀቱ ጭረቶች መካከል ያሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ቀለሙን ወደ ውስጥ ይስቡታል። ኤድዋርድ ዋሽበርን የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው ቀመር መሠረት ፈሳሹ እጥፍ ርቀት ለመስረግ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ስለሆነም ዋናው ሥራ የሚከናወነው በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ነው።

ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በፎቶ ቤቶች የተለመደው የባለ ቀለም ፎቶግራፍ ወረቀት ግን ፊቱም ጀርባውም በፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ጀርባው ወረቀት ቢመስልም ክፍተት የለውም። መስረግ የማይችል፣ መትነንም የማይሆንለት ፈሳሽ ባለበት ይቀራል። በአሮጌ መታወቂያ ላይ በወረቀቱ ያረፈው የማኅተሙ ክፍል ጥርት ብሎ በፎቶግራፉ ያረፈው ብዙውን ጊዜ የተጨማለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእንዲህ ያለ ገጽ በአልኮል ወይም በሌላ ቶሎ በሚተን ሟሚ የተዘጋጀ ቀለም ያስፈልጋል። መስኮት ከፍቶ መጠቀም፣ ፓዱንም ወዲያው መክደን ይገባል። ለብረት ማኅተም የተዘጋጀ የዘይት ቀለም ግን የተፈጥሮ ጎማን ስለሚያሳብጥ ይቅር። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ፎቶግራፉን ጨርሶ ሳይነኩ፣ ማኅተሙን ባልተለበጠው የአልበሙ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ነው።

በዚያም ቢሆን ሌላ ችግር አለ፤ ወይን ጠጁ በብርሃን ይደበዝዛል። እንደ ክሪስታል ቫዮሌት ያሉ ማቅለሚያዎች በፈሳሹ ውስጥ ሟሙተው ሞለኪውል በሞለኪውል የተበታተኑ ናቸው። ብርሃን ሞለኪውሉን ሲሰብር የዚያ ሞለኪውል ቀለም ይጠፋል። ፒግመንት ግን የማይሟሟ ቅንጣት ነው፤ በአንዱ ቅንጣት ውስጥ እጅግ ብዙ ሞለኪውሎች ስለተከማቹ ላይኛው ቢጎዳ የውስጡ ይተርፋል። ከሁሉም ጽኑው ካርቦን ነው። በብራና መጻሕፍታችን ላይ ከጥላሸት የተዘጋጀው ጥቁር ቀለም ለዘመናት ሳይደበዝዝ የቆየው በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ለአልበም ጥቁር የፒግመንት ቀለም ይመረጥ፤ ገጹ ከመዘጋቱ በፊት ግን ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ።

በማሸጊያው ላይ «አሲድ የለውም» የሚለው ጽሑፍ ወረቀቱን እንደማይበላ ይነግረናል እንጂ ስለ ብርሃን የሚለው የለም። ለምስሉ ደኅንነት የተሻለው ምልክት አይሶ 18916 በተባለው ፈተና ማለፉ ነው። የብርሃኑን ጉዳይ ግን አንባቢው ራሱ መፈተን ይችላል፦ ማኅተሙን በቁራጭ ወረቀት ላይ ያሳርፍ፤ ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለአንድ ወር ይተወው፤ ከዚያም ካርቶኑን አንሥቶ ሁለቱን ግማሾች ያወዳድር።