የተማሪዎች የአካል እንቅስቃሴ በትምህርት ሰዓት፤ በጣና ዳርቻ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች

መግቢያ

በዕረፍት ሰዓት ወደ አንድ የባሕር ዳር ትምህርት ቤት ግቢ የገባ ባለሙያ ሁለት ዓይነት ሕፃናትን ያያል፤ የሚሯሯጡና ግድግዳ ተደግፈው የሚቀመጡ። ለጤና ባለሙያው ዋናው ጥያቄ ሁለተኞቹ ለምን ተቀመጡ የሚለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ሁሉ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ኃይል የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በዚሁ ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው 146 አገሮችን ያካተተ ጥናት ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ ተማሪዎች 81 በመቶው ከዚህ መጠን በታች እንደሚንቀሳቀሱ አመልክቷል፤ ከሴቶች 85፣ ከወንዶች 78 በመቶ መሆኑ ነው።

የትምህርት ቤት ውሎ

ምክራችን ለሁሉም አንድ ሊሆን አይገባም። ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ የሚማር፣ ውኃ የሚቀዳና ከብት የሚጠብቅ የገጠር ሕፃን የሚጎድለው እንቅስቃሴ ሳይሆን ምግብና ዕረፍት ሊሆን ይችላል። በባጃጅ ተመላልሶ ቀሪውን ቀን ተቀምጦ የሚያሳልፈው የከተማ ልጅ ግን የተለየ ምክር ያስፈልገዋል።

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በአንድ ኳስ ጥቂቶች ሲጫወቱ ብዙዎች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ገመድ ዝላይ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞና አኩኩሉ ጠባብ ግቢ ውስጥም ልብን የሚያስመቱ ጨዋታዎች ናቸው። በክፍለ ጊዜያት መካከል ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ መንቀሳቀስ፣ ለሴቶች ልጆች የመጫወቻ ቦታ መለየትና ዕረፍትን በመከልከል አለመቅጣት ለርእሰ መምህራን ሊቀርቡ የሚገባቸው ምክሮች ናቸው።

ሐይቁና ጨዋታው

በጣና ዳርቻ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ተጫውቶ ያላበው ልጅ መታጠቢያ ካላገኘ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በአካባቢው የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው። በውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው የተውሳኩ እጭ ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ከረፋድ እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው። ይህም ተማሪዎች ከክፍል የሚወጡበት ሰዓት ነው። በሽታው ውሎ አድሮ ጉበትን ይጎዳል፤ ደም ማነስንና ድካምንም ያስከትላል። ስለዚህ ዛሬ በውኃው የሚጫወተው ልጅ ነገ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጠው ሊሆን ይችላል።

በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል (በኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ) ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ዳግም መያዝን አይከላከልም። ክልከላ ብቻውንም አይበቃም። መጫወቻው በደረቅ መሬት ላይ፣ መታጠቢያ ውኃውና መጸዳጃ ቤቱም በግቢው ውስጥ እንዲሆኑ መምከር ይገባል። መድኃኒት ለማደል ወደ ትምህርት ቤት የምንሄድበት ቀን ይህን ሁሉ ለማየት የተመቸ ነው።

የማይጫወተው ልጅ

ቶሎ የሚደክምን ልጅ ሰነፍ ከማለት በፊት መመርመር ያስፈልጋል። የዓይን ሽፋንና የመዳፍ መንጣት ደም ማነስን ሊጠቁም ይችላል። ሌሊት የሚብስ ሳልና ሲርሲርታ አስምን ያሳስባል። የጉሮሮ ሕመምና የመገጣጠሚያ እብጠት ታሪክ ያለው፣ ሲሮጥ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ደግሞ የሩማቲክ ልብ በሽታ ሊኖረው ስለሚችል ልቡ በጥንቃቄ ይደመጥ፤ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ከፍተኛ ሕክምና ይላክ።

በመጨረሻም ከስፖርት ነፃ እንዲሆን ብለን የምንጽፈውን ወረቀት እናስብ። ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን ካልተጻፈበት፣ ለጥቂት ሳምንታት የታሰበው ዕረፍት ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። አስሙ በሕክምና የተስተካከለለት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር መሮጥ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ምን እንደተከለከለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደተፈቀደና ልጁ መቼ ለምርመራ እንደሚመለስ ጭምር ይግለጽ።