ቅመም ሻይ በቤታችን



በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ጎርፉ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃል። ምንጩንና ጉድጓዱንም ይበክላል። የተበከለ ውሃ ልጆችን በተቅማጥ ይጥላል። ሻያችንን የምናፈላው ግን በዚሁ ውሃ ነው። ታዲያ እንዴት እናፍላ?

የደፈረሰው ውሃ ዝቃጩ እስኪወርድ ይቀመጥ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እናጥልለው። ለ4 ብርጭቆ ውሃ አንድ ስባሪ ቀረፋ፣ 3 ፍሬ ቅርንፉድ፣ 2 ፍሬ ሄል እንጨምር። ዝንጅብል ካለም ትንሽ ቀጥቅጠን እንክተት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይፍላ። ሻይ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ብዙ ከፈላ ይመራል።

«ቅመሙ በሽታ ይገድላል» የሚሉ አሉ። የለም! ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው፤ ቅመሙ ለጣዕም ነው። ስለዚህ ማገዶ ብንቆጥብም ከ3ቱ ደቂቃ አንቀንስ።