የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ አስቸኳይ ምርመራ የሚሻ ምልክት ነው

ነፍሰ ጡር እናት የጽንሷ እንቅስቃሴ መቀነሱን ስትናገር ጉዳዩ ለቀጣዩ የክትትል ቀጠሮ የሚተላለፍ ሳይሆን በዕለቱ መመርመር ያለበት ነው።

አብዛኞቹ እናቶች የጽንስን እንቅስቃሴ የሚረዱት ከ16ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እንቅስቃሴው እስከ 32ኛው ሳምንት ገደማ እየጨመረ ይሄድና እስከ ምጥ ድረስ ሳይቀንስ ይቀጥላል። በመሆኑም መውለጃዋ ሲቃረብ ጽንሱ ያርፋል የሚለው አመለካከት እናቲቱን ከቤት የሚያስቀር አደገኛ ስህተት ነው። ጽንስ የሚተኛው ዘወትር ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሲሆን፣ ጤናማ ከሆነ ከ90 ደቂቃ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው።

የእንግዴ ልጁ በቂ ኦክስጅን ማድረስ ሲሳነው ጽንሱ ጉልበቱን ለመቆጠብ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል። በማህፀን ውስጥ ከሚሞቱ ጽንሶች ብዙዎቹ አስቀድመው ይህን ምልክት ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ተግባር የልብ ምትን ማዳመጥ ሲሆን ይህም በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊከናወን ይችላል። የጽንሱ ምት በመደበኛነት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። የእናቲቱ ምት የጽንሱ መስሎ ሊያሳስት ስለሚችል የእጇ የደም ስር አብሮ መቆጠር አለበት። ምቱ ካልተሰማ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ምቱ መሰማቱ ግን ጽንሱ በህይወት መኖሩን እንጂ ደህንነቱን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ የደም ግፊት፣ የሽንት ፕሮቲንና የማህፀን ቁመት ይለካሉ። እርግዝናው 28 ሳምንት ካለፈ ደግሞ የልብ ምቱ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በመሳሪያ ይመዘገባል።

ምልክቱ የታየባትን እናት ሁሉ በጥድፊያ ማዋለድም መፍትሄ አይደለም። በብሪታንያና በአየርላንድ ከ400 ሺህ በላይ እርግዝናዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግንዛቤን ማሳደግና ወጥ የህክምና አሰራር መዘርጋት ሞቶ የሚወለድን ህጻን ቁጥር በጉልህ መቀነሱን አላረጋገጠም፤ በቀዶ ህክምና የሚወልዱ እናቶች ግን ጨምረዋል። ውሳኔው በእርግዝናው ዕድሜና በምርመራው ውጤት ላይ የተመሰረተ መሆን ይኖርበታል።

የልብ ምት መመዝገቢያ መሳሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሁሉም ነገር በሪፈራል ላይ ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከአዋላጇ እጅ ወጥቶ የአስተዳደር ይሆናል፤ አምቡላንሱ በሌሊት ሹፌርና ነዳጅ እንዲኖረው የሚያደርገው የወረዳው ጽህፈት ቤት ነውና። በሪፈር ወረቀቱ ላይም እንቅስቃሴው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማበት ሰዓት፣ የእርግዝናው ሳምንት፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ከተሞሉ ተቀባዩ ሆስፒታል በጥያቄ ጊዜ ሳያባክን ወደ ምርመራው ይገባል።