ኢንተርኔት በአማተር ሬዲዮ

በሁለት ተራሮች ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ያለ ስልክ መስመርና ያለ ሳተላይት፣ በሬዲዮና በሞደም ብቻ የኢንተርኔት መልእክት ሊለዋወጡ ይችላሉ። የአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች ይህን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። በ1981 በቁጥር 44 የሚጀምሩ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ተመድበውላቸው ነበር፤ ሩቡ በ2019 ለአማዞን ተሸጧል። አይፒቪ6 የተባለው የፕሮቶኮሉ እትም የአድራሻ እጥረትን ያስወግዳል። ታዲያ እንዳለ በሬዲዮው ላይ ለምን አንጭነውም?

እስቲ ጥቂት እናስላ። የተለመደው የፓኬት ሬዲዮ ሞደም 1,200 እና 2,200 ኸርዝ በሆኑ ሁለት ድምፆች እየተጠቀመ በሰከንድ 1,200 ቢት ያስተላልፋል። የአይፒቪ6 ራስጌ ብቻውን 40 ባይት ወይም 320 ቢት ነው፤ የመልእክቱ የመጀመሪያ ፊደል ሳይነሣ ከሩብ ሰከንድ በላይ ያልፋል ማለት ነው። ደንቡ ደግሞ ማንኛውም መስመር የ1,280 ባይት ፓኬት መሸከም እንዲችል ያስገድዳል። ይህም በዚህ ሞደም 8.5 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አማተሮች የሚጠቀሙበት ኤኤክስ.25 የተሰኘ ፕሮቶኮል ግን በአንድ ጊዜ የሚሸከመው በተለምዶ 256 ባይት ነው። ስለሆነም ፓኬቱ ከአይፒ በታች ባለው ደረጃ ቢያንስ በ5 ተቆራርጦ በተቀባዩ ዘንድ መገጣጠም አለበት። የእያንዳንዱ ቁራጭ የመድረስ ዕድል 90 በመቶ ቢሆን፣ አምስቱም የመድረሳቸው ዕድል 59 በመቶ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው የትዕግሥት ማጣት ነው። ቲሲፒ የ«ደረሰኝ» ምላሽ ሲዘገይበት ያንኑ ፓኬት ደግሞ ይልካል። በዝግተኛ ሬዲዮ ላይ ግን የመጀመሪያው ፓኬት ገና በጉዞ ላይ ሊሆን ይችላል። በኋላ የሚመጣው ምላሽ የፊተኛው ይሁን የኋለኛው አይለይም። ኮምፒውተሩ የኋለኛው ነው ብሎ ከተሳሳተ መስመሩን ፈጣን አድርጎ ይገምታል፤ የባሰ ይቸኩልና ሞገዱን በቅጂ ያጨናንቃል። ይህን ችግር የፈታው አማተሩ ፊል ካርን ነው፦ ተደግሞ ከተላከ ፓኬት የጊዜ ልኬት አይወሰድም፤ የተራዘመው የመጠበቂያ ጊዜም ሳይደገም የተላከ ፓኬት ምላሽ እስኪያገኝ ድረስ ይጸናል። ካርንና ክሬግ ፓርትሪጅ በ1987 ያሳተሙት ይህ ዘዴ ዛሬም የቲሲፒ ደንብ አካል ነው። ለደካማ ሬዲዮ የታሰበ መላ ለፈጣኑ ኢንተርኔትም መትረፉ እኛን ሁልጊዜ ያስደንቀናል።

አንድ መሰናክል ግን በስሌት አይፈታም። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ በተለያዩ አገሮች አማተሮች መካከል ትርጉምን ለመሰወር የሚደረግ ምስጠራን ይከለክላል፤ የዛሬዎቹ ድረ ገጾች ደግሞ አብዛኞቹ የተመሰጠሩ ናቸው። በዚህ መረብ ላይ የላኪውን ማንነት በዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ፊርማው መልእክቱን አይሰውርምና። የይለፍ ቃል ግን በግልጽ ሊላክ አይገባውም፤ ሞገዱን ሁሉም ይሰማዋል።